በቤተ ማርያም መስኮት ላይ ስላለው ምልክት

በ2011 ዓመተ ምሕረት፥ በወርኃ ጥር፥ በዓለ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከቤተ ሰባችን ጋራ ሆነን ወደ ላስታ ላሊበላ ለመሳለም ሄደን ነበር። ጕዞውን ያሰበችው ባለቤታችን ናት፤ ስእለት ነበረባትና። ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ልጃችንም ተከተለችን። እኛ ራሳችን ከልጅነታችን ጀምሮ የአገሩን ስም እየሰማን እስከዚያ ቀን ድረስ በዓይናችን ሳናየው መቅረታችን የሚያሳፍር ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚነሣ ሰው አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ይደርሳል። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው መንገድ ግን አቀበት ነው፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ተቀምጧል። ወደዚያ የሚመጣ እንግዳ በመጀመሪያ የሚደነቀው አብያተ ክርስቲያናቱን ከሩቅ ለማየት ባለመቻሉ ነው። በሌላ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ከመሠረት ወደ ጕልላት ይሠራል፤ በዚህ ግን ጠራቢዎቹ ከጣሪያው ጀምረው ወደ መሠረቱ ስለ ወረዱ፥ ሰው ቀና ብሎ በመመልከት ፈንታ አጐንብሶ ቍልቍል ያያል። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ስምንት መቶ ዓመት ያህል በንጉሥ ላሊበላ ስም ሲጠሩ ኖረው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ሁሉ ቅርስ ናቸው ሲል መዝግቧቸዋል። (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።)

ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ብዙ ሰው ስለ ጻፈ እኛ አንደግመውም። የሕዝቡ ፍቅር ግን ይልቁንም በቤተ ማርያም ላይ ነው። ቤቲቱ ትልቅ አይደለችም፤ በሦስት በኩል ደጀ ሰላም ወጥቶላታል፤ በግቢዋም ውስጥ ውሃ የሞላበት ኵሬ አለ፤ ልጅ ያጡ ሴቶች በልደት በዓል ወርደው ይጠመቁበታል። ከውስጥ ጣሪያዋና ቅስቶቿ በቀለምና በቅርጽ የተሸለሙ ናቸው፤ በመካከሏም ዓምደ ብርሃን የሚባለው ምሰሶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታያል፤ ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ተጽፎበታል ይላሉና ማንም አይገልጠውም። የእኛን ነገር ያስነሡት ግን መስኮቶቿ ናቸው። ሁሉም እንደ አንድ አልተቀረጹም፤ አንዱ ረዥም እግር ያለው መስቀል ነው፥ አንዱ አራት ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ነው፥ ሌላው ደግሞ የአራቱ ክንዶቹ ጫፍ ወደ አንድ ወገን የታጠፈ መስቀል ነው።

ልጃችን ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደ ያዘች በዚህ መስኮት ፊት ቆመች፤ ቆይታም፥ «አባባ፥ የሂትለር ምልክት በእመቤታችን ቤት ላይ ለምን ተቀረጸ?» አለች።

ግቢው ጠባብ ስለ ሆነ ድምፅዋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ተመላለሰ። እናቷ ደንግጣ የነጠላዋን ጫፍ ሳበቻት። ይመሩን የነበሩት መሪጌታ ግን አልተቈጡም። ወደ ልጅቱ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ይህ የሂትለር አይደለም፤ መስቀል ነው። እሱ ከመወለዱ ከሰባት መቶ ዓመት ያህል በፊት እዚሁ ነበረ» አሏት።

«በመጽሐፋችን ላይ ያለው ግን ይኸው ነው» ስትል መለሰች።

መሪጌታው ጥቂት ዝም ብለው ወደ እኛ ተመለሱና አንድ ነገር አጫወቱን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት የባዕድ አገር ወይዘሮ፥ በዕድሜ እጅግ የገፉ፥ በሰው ተደግፈው ወደዚያ ግቢ ወርደው ነበር። ሌላውን ሁሉ በደስታ ሲመለከቱ ቆይተው ወደዚህ መስኮት በደረሱ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው በድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። አስተርጓሚው እንደ ነገራቸው የወይዘሮዋ የአባት ወገን በጀርመኖች እጅ አልቆ ኖሯል። «እኔም ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ፤» አሉ መሪጌታው፤ «መስኮቱን እንዳልሸፍነው ዓለቱ ራሱ ነው። መስቀል ነው ብዬ እንዳልነግራቸው እያለቀሱ ነው። ውሃ አመጣሁላቸው፤ ጠጥተው ሄዱ።»

እኛም ለልጃችን መልሱን በኋላ እንነግርሻለን ብለን ተስፋ ሰጥተን ተነሣን። በዚያች ሌሊት ባደርንበት ቤት ሆነን ስናስበው ግን የምንነግራት ነገር እንደሌለን ተረዳን። እሱ መስቀል ነው፥ ያኛው የናዚ ነው፥ ሁለቱ አይገናኙም ማለት ቀላል ነበር። ልጅቱ ግን ዓይን አላት፤ ሁለቱ አንድ መልክ መሆናቸውን አይታለች። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ስለዚህ ምልክት የተጻፈውን ስንፈልግ ከረምን፤ ያገኘነውንም ልጆች ላሏቸው አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን።

ምልክቱ ዛሬ በዓለም የሚጠራበት «ስዋስቲካ» የሚለው ስም ከሕንዶች ጥንታዊ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ ደኅንነትና በጎ ዕድል ማለት ነው። ግሪኮች ደግሞ «ጋማ» የሚባለውን ፊደላቸውን አራት ጊዜ አጋጥሞ የተሠራ ስለሚመስል በዚያው ፊደል ሰይመውታል። የግሪኩ ጋማና የእኛ «ገ» ከአንድ ጥንት የወጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ መልካቸውንም አስተያይቶ ዝምድናቸውን መለየት ይቻላል።

ሥራው የሕንዶች ብቻ አይምሰላችሁ። በዩክሬይን አገር ሜዚን በሚባል ስፍራ ማሞት ከተባለው ዘሩ ከጠፋ ጠጕራም ዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ትንንሽ ወፎች ተገኝተዋል፤ በአንዲቱም ላይ ይህን የሚመስል እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቅርጽ አለ፤ ዕድሜዋም ከ10,000 ዓመት በላይ ነው። በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆ በሐራፓና በሞሄንጆ ዳሮ ከ4,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች በማኅተማቸው ላይ ቀርጸውታል። በጋና አገር የአካን ሕዝብ የወርቅ ዱቄት ይመዝኑበት በነበረው የናስ መመዘኛ ላይ ይገኛል። ቻይናዎች እንደ ፊደል ቈጥረው «ዋን» ብለው ያነቡታል፤ ዐሥር ሺሕ ከሚለው ቃላቸው ጋራ ድምፁ አንድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የዓይንጋዲ ነው። ዳዊት ከሳኦል ፊት ሸሽቶ በተሸሸገበት በዚያ ስፍራ፥ በሙት ባሕር ዳር፥ የጥንት አይሁድ ምኵራብ ፈራሽ ተገኝቷል፤ በምኵራቡም ወለል ላይ በትንንሽ ድንጋዮች የተነጠፈው ይኸው ምልክት ነው። አይሁድ በጸሎት ቤታቸው ወለል ላይ ለጌጥ አንጥፈውት ነበርና፥ የመሪጌታው እንግዳ ያን ቢያዩ ምን ባሉ ነበር እያልን አሰብን።

እንዲህ በተራራቁ አገሮች እንዴት ሊገኝ ቻለ? ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው ተላልፎ ነው የሚሉ አሉ፤ የፀሐይን ዙረት ወይም የአራቱን ነፋሳት መንገድ ለማሳየት እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ ያሰበው ነው የሚሉም አሉ። የእኛ አስተያየት ከሁለተኞቹ ጋራ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይን ከመጥራት በፊት እጅን ማየት ይገባል እንላለን። ድርና ማግ እያገናኘ የሚሠራ ሰው፥ ሰሌንም የሚጐነጕን፥ መስቀለኛ መሥመር ላይ መድረሱ አይቀርም፤ የመስቀሉን ጫፍ ማጠፍም ከዚያ በኋላ የአንድ ጣት ሥራ ነው። የጥንቷን ትሮያ ሲቈፍር የነበረው ጀርመናዊው ሽሊማን ከ1870 በኋላ ባሉት ዓመታት ይህን ምልክት በብዙ ያገኘው በነገሥታት ዘውድ ላይ አልነበረም፤ ሴቶች በእንዝርታቸው ላይ በሚሰኩት ትንሽ የሸክላ ክብ ላይ ነበር እንጂ።

የጥፋቱም መንገድ ከዚሁ እንዝርት ይጀምራል። ሽሊማን ያገኘውን ለሊቃውንት ጻፈ። በኦክስፎርድ የነበረው የሳንስክሪት ሊቅ ማክስ ሙለር ይህን የሕንድ ስም ከሕንድ ውጪ ለተገኘ ነገር መስጠት መልካም እንዳልሆነ አስጠንቅቆት ነበር። ምክሩ በሽሊማን መጽሐፍ ውስጥ በ1880 ታተመ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በጀርመን አገር የነበሩ የዘር ትምክሕተኞች ትሮያንና ሕንድን በዚህ ምልክት አገናኝተው አርያውያን የሚሏቸው ሕዝቦች ማኅተም ነው፥ የእነሱም ወራሾች እኛ ነን ማለት ጀመሩ። ሴቶች ጥጥና ሱፍ ሲፈትሉበት የነበረው የሸክላ ጌጥ እንዲህ ሆኖ የደም ማስረጃ ተደረገ። በ1920 የናዚ ማኅበር በቀይ ጨርቅ ላይ፥ በነጭ ክብ ውስጥ፥ በጥቍር አድርጎ ዓርማው አደረገው። መስከረም 15 ቀን 1935 በኑርንበርግ በወጣው ሕግ የጀርመን መንግሥት ብቸኛ ሰንደቅ ዓላማ ሆነ። በዚያው ቀን በዚያው ከተማ አይሁድን ከዜግነት ያወጣው ሕግ ታወጀ። ከዚያም ቀን በኋላ ዐሥራ ስምንት ቀን ሲሆን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ በአገራችን ላይ መጣ። ከዚህ በኋላ በዚያ ሰንደቅ ሥር የሆነውን፥ ስድስት ሚሊዮን አይሁድም ማለቃቸውን፥ በዚህ ገጽ ላይ መዘርዘር አያስፈልገንም።

ምልክቱ እንዲህ ካደፈ በኋላ ከቀድሞ ጀምሮ የያዙት ሕዝቦች ምን አደረጉ? እኛ በብዙ የተመለከትነው ይህን ነው፤ መልሳቸው አንድ አይደለምና።

በአሜሪካ አገር የጥንት ባለርስቶች የሆኑት የናቫሆ፥ የሆፒ፥ የአፓቺና የፓፓጎ ነገዶች ይህን ምልክት በብርድ ልብሳቸውና በቅርጫታቸው ላይ ሲሠሩት ኖረዋል። በየካቲት 1940 በአሪዞና ውስጥ በቱሳን ከተማ ወኪሎቻቸው ተሰብስበው፥ ከእንግዲህ ወዲያ በሥራችን ላይ አናደርገውም ብለው በጽሑፍ ፈረሙ። ከአባቶች የመጣውን ነገር ስለ ሌሎች ሐዘን ብሎ መተው ትልቅ ነገር ነው፤ የበደሉትም እነሱ አልነበሩም። ከዚሁ ወገን በአሜሪካ ጦር ውስጥ አርባ አምስተኛው የእግረኛ ክፍለ ጦር፥ ከእነዚሁ ነገዶች አገር የተመለመለ ስለ ነበረ፥ ለክብራቸው ብሎ ብጫ ስዋስቲካ በትከሻው ላይ ያደርግ ነበር። በ1939 አውጥቶ ጥሎ ነጐድጓድ የሚያመጣ በሚሉት ወፍ ሥዕል ለወጠው። ይህ ክፍለ ጦር በሚያዝያ 1945 ወደ ዳኻው የእስረኞች ሰፈር ገብቶ በዚያ የነበሩትን ነፃ ካወጡት አንዱ ነው። ምልክቱን በትከሻቸው እንደ ተሸከሙ ገብተው ቢሆን ኖሮ በአጥሩ ውስጥ የነበሩት እስረኞች ምን ይመስላቸው ነበር? ይህን ስናስብ ለውጡ ትንሽ ነገር እንዳልነበረ ይታየናል።

ሕንዶች ግን አልተዉም። እስከ ዛሬ በዲዋሊ በዓል ነጋዴው አዲሱን የሒሳብ መዝገብ ሲከፍት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ይጽፈዋል። የጃይን ሃይማኖት ሰዎች በጸሎት ጊዜ በሩዝ ፍሬ ይሠሩታል፤ አራቱ ክንዶች ነፍስ የምትወለድባቸው አራት ዓይነት ኑሮዎች ናቸው ይላሉ። በ2007 ጀርመን ምልክቱ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሙሉ እንዲከለከል ባሰበች ጊዜ በብሪታንያ የሚኖሩ ሂንዱዎች፥ የእኛን የአምስት ሺሕ ዓመት በረከት ለአንድ ክፉ ሰው ርስት አታድርጉት ብለው ተቃወሙ፤ አሳቡም ቀረ። ጃፓኖች ደግሞ በካርታቸው ላይ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ያለበትን ስፍራ በዚህ ያመለክታሉ፤ በ2016 ለውጭ አገር ሰዎች በሚታተመው ካርታ ላይ በሌላ ሥዕል ለመለወጥ በታሰበ ጊዜ በገዛ አገራቸው ብዙ ክርክር ተነሣ።

እንግዲህ ከናቫሆዎችና ከሕንዶች ማናቸው ትክክል አደረጉ? እኛ አንዱን ወገን ብቻ አንመርጥም። ነገር ግን ለሁለቱ የተሰጣቸው ምርጫ ለላሊበላ አልተሰጠም። ብርድ ልብስ ይቀየራል፥ ካርታም እንደ ገና ይታተማል፤ የቤተ ማርያም መስኮት ግን የቤቲቱ ሥጋ ነው። ለመሪጌታው መስኮትዎን ይድፈኑ ማለት የማይገባ ግፍ ነው፤ ለዚያች ወይዘሮም ምልክቱ የጥንት ነውና አይዘኑ ማለት ሌላ ግፍ ነው። ሐዘን ታሪክን ተምሮ የሚመጣ ነገር አይደለም። መሪጌታው ክርክሩን ትተው ውሃ ማምጣታቸው፥ ከመጻሕፍቱ ሁሉ በኋላ ስናስበው፥ እኛ ብንሆን የማናስበው ጥበብ ሆኖ አገኘነው።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለን። በዚያችው ቤተ ማርያም ውስጥ፥ ከተሸለሙት ቅርጾች መካከል፥ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አለ፤ የዳዊት ኮከብ የሚባለው ነው። ይህም በዘመናት ሁሉ የአንድ ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ ክርስቲያንም እስላምም የሰሎሞን ማኅተም እያለ ለጌጥ ሲሠራው ኖሯል፤ የአይሁድ ምልክት ሆኖ እየታወቀ የሄደው ከመካከለኛው ዘመን በኋላ ነው። በመስከረም 1941 ናዚዎች በጀርመን ያሉ አይሁድ ሁሉ ይህን ኮከብ በብጫ ጨርቅ ሠርተው በደረታቸው ላይ እንዲሰፉ አዘዙ፤ ለውርደት። በ1948 ግን ያው ኮከብ የእስራኤል መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ላይ ወጣ፤ ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱት ወገኖቻችንም ዛሬ በሥሩ ይኖራሉ። አንዱ ምልክት ከበረከት ወደ እርግማን ወረደ፥ ሌላው ከውርደት ወደ ክብር ወጣ። በቤተ ማርያም ግን ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ስምንት መቶ ዓመት ሳይጣሉ ኖረዋል። የኮከቡን ነገር በዚያ ቀን አስበነው ቢሆን ኖሮ ለመሪጌታው እንነግራቸው ነበር፤ ዕድሉ ግን አለፈን።

ለልጃችን ተስፋ የሰጠነውን መልስ የሰጠናት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፥ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፥ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፥ ወደ የትም የማያደርስ፥ ወደ ሰማይ ብቻ እየዞረ የሚወጣ የስሚንቶ ደረጃ አለ። የሠሩት ኢጣልያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ ደረጃ ተቈጥሮ የተሠራ ነው። እነሱም የራሳቸው ምልክት ነበራቸው፤ በአንድነት የታሰረ የበትር ነዶ ከመጥረቢያ ጋራ፤ የጥንት ሮማውያን ሹማምንት በፊታቸው ያስይዙት የነበረ ነው፤ የፋሺስትም ስም የተወሰደው ከዚሁ ነው። (ይኸው ነዶ በአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች አዳራሽ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በስተ ኋላ በግራና በቀኝ ተሰቅሎ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም።) የካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በከተማው ላይ የወረደውን ሁሉም ያውቃል።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ አባቶቻችን ይህን ደረጃ ማፍረስ ይችሉ ነበር፤ ስሚንቶ ነው፥ ዓለት አይደለም። አላፈረሱትም። በመጨረሻው ደረጃ ራስ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበት።

ልጃችን የዓይንጋዲን ወለልም፥ የትሮያን እንዝርትም፥ የናቫሆዎችን ፊርማም፥ የጀርመኑንም ሕግ በሣር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ደረጃው ሄደች። ወዲያው ትወጣለች ብለን ነበር፤ አልወጣችም፤ ከሥር ቆማ በጣቷ እያመለከተች ትቈጥር ጀመር። ደረጃው ስለሚዞር መካከል ላይ እየተሳሳተባት ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። የግቢው ዘበኛ መጥቶ የመዝጊያው ሰዓት መድረሱን ሲነግረን እሷ ገና ትቈጥር ነበር።